ለጨጓራዬ ብንበረከክ

የኔ ጨጓራ አኩራፊ ናት። ሽሮ ብበላ ታኮርፋለች፣ ጥብስ ብበላ ታኮርፋለች፣ ምንም ባልበላ ደግሞ ረሳኸኝ ብላ ታኮርፋለች። እህል ከቀመስኩ በኋላ ሆዴ ይነፋል፣ ቃሩ ደረቴን ያቃጥለኛል፣ ግሳቱማ አይነሳ። ሥራዬ ኤርፖርት ነው፤ ሰው መኪናውን ፓርክ ካደረገበት እስከ ተርሚናል የሚያመላልሰውን ሻትል እነዳለሁ። ተሳፋሪ ሞልቶ ሳለ ግሳት ሲመጣብኝ ማይክሮፎኑን ከፍቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ተርሚናል ደርሰናል!" እልና በዚያው አሳልፈዋለሁ። አንድ ቀን ገና መንገድ ላይ ሳለን ብል ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ተነሳ፤ አንዲት ሴትዮማ በሩ ለምን አልተከፈተም ብላ ተቆጣችኝ።

መድኃኒት ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። የኛ ሰው አሞኛል ስትለው ወዲያው ሐኪም ይሆናል። ከቸርች ወጥተን በር ላይ ስንቆም አንዱ ተልባ፣ አንዱ ፌጦ፣ አንዱ የጥሬ ድንች ጭማቂ ያዝዝልኛል። ሁሉንም ጠጣሁ። ጨጓራዬ ሁሉንም ተቀብላ በሁሉም አኮረፈች። ሐኪም ቤትም ሄጄ ነበር፤ ሐኪሙ በርበሬ ቀንስ አለኝ። እኔም ሐኪም ቀየርኩ።

ቤድፎርድ በምትባለው ከተማ ያለው አፓርትመንታችን ውስጥ፣ ከኛ በላይ ባለው ፎቅ፣ ሱሺላ የሚባሉ ህንዳዊት ባልቴት ይኖራሉ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሆዴን ይዤ ቁጭ ብዬ አገኙኝ።

"በልተህ ነው ወይስ ተመትተህ?" አሉኝ።

"በልቼ ነው።"

አጠገቤ ተቀመጡና እንደ ፖሊስ መረመሩኝ። ምን በላህ? መቼ በላህ? ምን ጠጣህበት? መኪና እየነዳሁ በርገር እንደበላሁ፣ በላዩም በረዶ የሞላው ሶዳ እንደቸለስኩበት ስነግራቸው ግንባራቸውን መቱ። በነሱ አገር ባለ ጥንታዊ የሕክምና ጥበብ፣ አዩርቬዳ ይሉታል፣ ሰው ሆድ ውስጥ እሳት አለ፤ ምግቡን የሚያበስለው እሱ ነው። "አንተ ምድጃህ ላይ በረዶ እየከመርክ ወጡ ለምን አልበሰለም ትላለህ" አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተሰድቤ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ደንቡን ነገሩኝ። ጠዋት ስነሳ ሙቅ ውኃ። ከምግብ በፊት በሎሚና በጨው የታሸ ዝንጅብል። ዋናው ምግብ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና የሆድ እሳትም ሲበረታ፤ ከዚያ በኋላ ቀለል ያለ ነገር ብቻ። ቀዝቃዛ መጠጥ ክልክል። እያላመጡ ማውራት ክልክል። የሆድን ሲሶ ባዶ መተው ግዴታ። ከምግብ በኋላ ደግሞ ከሙን፣ ድንብላልና እንስላል ተፈልቶ ይጠጣል።

ባለቤቴ ትዕግስት ይህን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ዝንጅብል፣ ከሙን፣ ድንብላል፣ እንስላል? ይሄ እኮ የኔ ኩሽና ነው! እኔ ስሰጥህ ቅመም፣ እሳቸው ሲሰጡህ መድኃኒት ሆነ?"

"የኔ እመቤት፣ አንቺ እሳት አለህ ብለሽኝ አታውቂም።"

"እሳት እንኳ የለህም" ብላ ገባች።

ግን ሠራ! እመኑኝ፣ ሠራ። ጨጓራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ጨጓራ ዝም አለች። ማይክሮፎኑን ተርሚናል ስደርስ ብቻ መክፈት ጀመርኩ። አዲስ የዳነ ሰው ደግሞ ከሐኪም ይብሳል፤ ለሥራ ባልደረቦቼ ስለ ሆድ እሳት መስበክ ጀመርኩ፣ ብሬክ ሩም ውስጥ በረዶ የያዘ ሰው ሲያየኝ ብርጭቆውን ይደብቅ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ለማንም አልተናገርኩም። ሱሺላ የመጨረሻ ያሉኝ ደንብ አለ፤ ከበላህ በኋላ ተንበርክከህ፣ ተረከዝህ ላይ ተቀምጠህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ በቀስታ ተንፍስ። ምግቡን ወደ ታች ይሸኘዋል። ይህንን የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ ደረጀ ቢሰሙ "ይሄ ዮጋ የሚሉት ነገር አይደለም ወይ?" ብለው የአንድ እሁድ ትምህርት ያዘጋጁልኛል። ሶ፣ በሬን ዘግቼ ነበር የምንበረከከው።

አሁን ወደ ናሆም ልምጣ።

ናሆም በዲቪ ሎተሪ የመጣ ልጅ ነው። እንደመጣ የሚያውቀው ሰው ስላልነበረው እኛ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኝቶ ከረመ፤ ከዚያም ዌርሃውስ ሥራ ያዘ፣ የራሱን አፓርትመንት ተከራየ፣ ማታ ማታ መማር ጀመረ። ወንድ ልጅ የለኝም፤ እሱ ነው ያለኝ። ይኸው ልጅ የቸርቻችን ዘማሪ የሆነችውን ነርሷን ሶስናን ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ችግሩ አባቷ ጋሽ ታምራት ናቸው። ማኪኒ ከተማ ትልቅ ቤት ያላቸው፣ ሆስፒታል የሚሠሩ፣ ሲስቁ ታይተው የማይታወቁ ሰው። ሽምግልና መላክ ነበረበት። ጋሽ ደረጀ መሪ ሆኑ፣ ሁለተኛው ሰውዬ በዚያው ቀን ከሥራ ቦታው ኮል አድርገውት ቀረ፣ ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። ለሽምግልና ያለኝ ብቃት ሽበቴ ብቻ ነው።

"ጋሼ" አለኝ ናሆም፣ ክራቫቴን እያስተካከለልኝ፣ "እምቢ ካሏት ሶስና ከአባቷ ቃል አትወጣም። እኔም አባቷን አስቀይሚ አልላትም። ያለችኝ ይቺ አንድ ቀን ናት።"

"አይዞህ፤ እኔ እያለሁ?" አልኩት። ትዕግስት ከጀርባው ሆና በዓይኗ ለመነችኝ። "ዛሬ እንኳ ሆድህን ተወው፣ በሞቴ" አለችኝ መኪና ስገባ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ነው የሄድነው። ናሆም ከጋሽ ታምራት ቤት ራቅ ብሎ አንድ ግሮሰሪ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ማኪኒ ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ እኔ ደግሞ ዋናውን ምግቤን እንደ ደንቡ ቀትር ላይ ከቤቴ ቋጥሬ ቸርች ፓርኪንግ ውስጥ በልቼ ጨርሻለሁ። ሽማግሌ ሆኖ ጠግቦ የሄደ ሰው እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ጋሽ ደረጀ ቆመው ነገሩን አሳምረው ተናገሩ። ጋሽ ታምራት ጸጥ ብለው ሰሙና፣ "ድሮ ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ እህል አይቀምስም ነበር" አሉ። "እኔ ቤት ግን መጀመሪያ ይበላል። የሰው ልቡ የሚታወቀው ገበታ ላይ ነው።"

ቁርስ ያልበሉት ጋሽ ደረጀ "አሜን!" አሉ፣ ቶሎ።

ገበታው ቀረበ። ምን ልበላችሁ! ዶሮው፣ ክትፎው፣ አይቡ፣ ጎመኑ፣ አልጫው። የሶስና እናት እትዬ አስቴር ከሳምንት በፊት ሳይጀምሩ አልቀሩም። እኔ ታዲያ ምን አደረግኩ? ከኮቴ ኪስ ትንሿን ብልቃጤን አወጣሁና በሎሚ የታሸች ዝንጅብሌን ጎረስኩ።

እትዬ አስቴር ጭልፋቸውን እንደያዙ ቆሙ። "ምንድነው የምትበላው፣ ልጄ?"

"ምንም አይደል እትዬ" አልኳቸው። "ምግቡ እንዳይጎዳኝ ብዬ ነው።"

ልጅ ልትጠይቅ ከሄድክበት ቤት፣ የናቲቱን ወጥ ገና ሳትቀምስ፣ ማርከሻ ከኪስህ አውጥተህ ጎረስክ ማለት ነው! እኔ ግን ያን ጊዜ አልታየኝም፤ የታየኝ የሆድ እሳቴ ነው። ጋሽ ደረጀ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ። እግራቸው ያረፈበት መስሎኝ እግሬን ሰብሰብ አደረግኩላቸው።

አልጫ በማንኪያ ጫፍ አወጣሁ። የቀረበልኝን በረዶ ያለው የማንጎ ጭማቂ ገፋ አደረግኩና ሙቅ ውኃ ጠየቅኩ። ሻይ መጣ። "ሻይ ሳይሆን እንዲያው ባዶ ሙቅ ውኃ" አልኩ። በዚህ መሃል ጋሽ ታምራት ወደኔ ዞሩ።

"አንተ ልጁን ቤትህ አኑረኸዋል አሉ። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

አፌ ውስጥ እንጀራ ነበር። እያላመጡ ማውራት ክልክል ነው፣ ያውም ፈሳሽ እስኪሆን ነው የሚላመጠው። ጣቴን አንስቼ አንዴ ይጠብቁኝ አልኩና አላመጥኩ። አላመጥኩ። ጋሽ ደረጀ ላብ ላብ አላቸው። ስለ ናሆም የምለው ጠፍቶኝ፣ ኃጢአቱን ከየት እንደምጀምር የማሰላስል እኮ ነው የምመስለው! በመጨረሻ ዋጥኩና፣

"ጥሩ ልጅ ነው" አልኩ።

ያን ሁሉ ተጠብቆ ይቺ ብቻ ስትወጣ፣ እኔ ራሴ ናሆምን ተጠራጠርኩት።

ያም ሆኖ እትዬ አስቴር ደግ ሴት ናቸው። ነገሩን ለማለሳለስ ብለው ዶሮዋን ከእንቁላል ጋር በእንጀራ ጠቅልለው፣ ከጠረጴዛው ዞረው መጡና ጉርሻ ዘረጉልኝ።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሲሶው ባዶ መሆን አለበት" አልኳቸው።

"የምኑ ሲሶ?"

"የሆዴ።"

ጉርሻዋ አየር ላይ ቀረች። የኛ ሰው እጅ ጉርሻ ይዞ ከተዘረጋ ባዶውን ነው የሚመለሰው፤ ያቺ እጅ ግን ከነጉርሻዋ ተመለሰች። ጋሽ ታምራት ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ጠረጉ።

"የናቷን ጉርሻ ያልተቀበለ ልጅቷን እንዴት ይቀበላል?" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለመሶቡ። ከዚያ ቀና ብለው፣ "ወንድሞች፣ ስለመጣችሁ ጌታ ይባርካችሁ። ጉዳዩን በጸሎት እናስብበታለን።"

የቸርች ሰው ያልሆናችሁ ይህ መልካም መልስ ይመስላችኋል። በኛ ዘንድ "በጸሎት እናስብበታለን" ማለት እምቢታ ነው፤ ያውም ይግባኝ የሌለው፣ ምክንያቱም ጌታ ምን አለ ብለህ አትጠይቅም። ኩሽናው በር ላይ ሶስና ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። ትሪውን ይዛ ወደ ውስጥ ተመለሰች። የኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ነዘረ፤ ሰረቅ አድርጌ ሳይ ናሆም ነው። "ጋሼ፣ እንዴት እየሆነ ነው?" ይላል።

ያኔ ነው የገባኝ። የሠራሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ አፈርኩ፣ ደነገጥኩ፣ የምገባበት ጠፋኝ። ሌላ ዘዴ ስላልመጣልኝ መብላት ጀመርኩ።

"እትዬ አስቴር፣ ያቺ ጉርሻ የት ሄደች?" አልኩ። ጎረስኩ። ደገሙኝ፣ ጎረስኩ። ጉርሻና ፍቅር ካላስጨነቀ አያምርም ይባል የለ? እኔ ጭንቅ በጭንቅ ሆንኩ። ዶሮውን፣ ክትፎውን ከነሚጥሚጣው፣ ጎመኑን አነሳሁት። የማንጎ ጭማቂውን ከነበረዶው ጨለጥኩት። ሱሺላ ቢያዩኝ አምቡላንስ ይጠሩልኝ ነበር። ጋሽ ታምራት "በግድ አትብላ፣ ወንድሜ" አሉኝ በቀዝቃዛ ድምፅ። ጋሽ ደረጀ ጆሮዬ ሥር "አልፏል እኮ፤ ዘገየህ" አሉኝ።

ሆዴ ውስጥ ጦርነት ተነሳ። ሬስትሩም ጠይቄ ኮሪደሩን ያዝኩ። ከሬስትሩሙ አጠገብ ባዶ የእንግዳ ክፍል አየሁ፤ ምንጣፉ ወፍራም ነው። ሰው የለም። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ተንበረከክኩ፣ ተረከዜ ላይ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተንበረከክኩት ለጨጓራዬ ነው። ግን ጉልበቴ መሬት ሲነካ የናሆም ፊት መጣብኝ። ሶፋችን ላይ እግሩ ተርፎት እንኳ ተመስገን እያለ ሲተኛ የነበረው ልጅ አሁን ግሮሰሪ ፓርኪንግ ውስጥ ስልኩን ያያል። ዕድሉን በአንዲት ዝንጅብል አበላሸሁበት። ከሚጥሚጣው ይሁን ከሐዘኔ አላውቅም፣ እንባዬ ወረደ። "አምላኬ፣ ምን አደረግኩ? ኧረ እባክህ!" አልኩ፤ ሆዴን ይዤ።

በሩ ለካ ገርበብ ብሎ ነበር። "ታምራት! ታምራት፣ ና እይ!" የሚል የእትዬ አስቴር ሹክሹክታ ሰማሁ። ኮቴ ሰማሁ። ከኋላዬ ጉልበቶች ምንጣፉ ላይ ሲያርፉ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሌላ፣ ከዚያ የጋሽ ደረጀ የሚንቋቋው ጉልበት። አልቀረልኝም! ጋሽ ደረጀ መጸለይ ጀመሩ። እሳቸው ገበታ ሲባርኩ ወጥ ይቀዘቅዛል፤ እንዲህ ዓይነት አጋጣሚ ሲያገኙማ ከአብርሃም ሎሌ ርብቃን ፍለጋ ተነስተው በየመንደሩ እያረፉ ነው ማኪኒ የደረሱት።

አሜን ሲባል ጋሽ ታምራት ትከሻዬን ያዙ። "ተነስ" አሉኝ።

ለመነሳት ሞከርኩ። እግር የለኝም። ከጉልበቴ በታች ደንዝዞ የሌላ ሰው ሆኗል። በዚያ ላይ አንድ የታመቀ ግሳት ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ በሩን ያንኳኳል፤ አፌን ብከፍት ጉድ ነው። ከንፈሬን ገጥሜ ራሴን ነቀነቅኩ።

"ተነስ እንጂ፣ ወንድሜ።"

ነቀነቅኩ። እንባዬ ይወርዳል።

"መልሱን ሳልሰማ አልነሳም ማለትህ ነው?"

እኔ ግሳቴን ይዣለሁ። ጋሽ ደረጀ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ያያሉ። ሶስና በሩ ላይ መጥታ ቆማለች። ጋሽ ታምራት ቀና ብለው ልጃቸውን ብዙ አዩዋት። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና፣

"እሺ" አሉ። "ሰጥቻለሁ። ተነስ።"

እትዬ አስቴር እልልታውን አቀለጡት! ጌታ ይመስገን ለእልልታ፤ ያ ግሳት በመሃሉ ወጣ፣ ማንም አልሰማ። ማይክሮፎን እንኳ እንደዚያ ሸፍኖልኝ አያውቅም። ሁለቱ ሰዎች ብብቴን ይዘው አነሱኝ፤ እግሬ እምቢ ብሎ ሲጎተት እትዬ አስቴር ጸሎቱ የከበደኝ መስሏቸው "አይ ሸክም! አይ የጸሎት ሸክም!" እያሉ አለቀሱልኝ። ናሆም ጋ ስደውል መጀመሪያ አላመነኝም፤ ሲያምን ደግሞ ስልኩን መኪናው ውስጥ ጥሎ ፓርኪንጉ መሃል ሲጮህ በሩቅ ይሰማኛል። እኔም ኮሪደሩ ውስጥ እግሬ እየነዘረኝ እንደ ሕፃን ሳቅኩ።

ዝናዬ ከፎርት ወርዝ እስከ ማኪኒ ተዳረሰ። አባት ያስቸገረው ሁሉ "ያንን የሚንበረከከውን ሰው ጥሩልኝ" ይላል። ትዕግስት ይህን በሰማች ቁጥር ፊቷን አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ለሱሺላ ስነግራቸው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው እስኪያልባቸው ሳቁና፣ "ከምግብ በኋላ ተንበርከክ አልኩህ እንጂ ያን ሁሉ ብላ መቼ አልኩህ?" አሉኝ።

የቀለበቱ ዕለት ግብዣው እዚያው ጋሽ ታምራት ቤት ነበር። ሲሶ የሚባል ነገር አላነሳሁም፤ የተሰጠኝን ጎረስኩ። ምግቡ ሲያበቃ ጋሽ ታምራት ክርኔን ያዙና በኮሪደሩ ወደዚያው ክፍል ወሰዱኝ። በሩን ገፋ አደረጉት። ጫማቸውን አወለቁ። ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ሰብሰብ አድርገው ተንበረከኩ፣ ተረከዛቸው ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ምን ቆመህ ታየኛለህ? ና እንጂ፤ ምግቡ ሳይወርድ" አሉኝ።

አፌ ተከፍቶ ቀረ። "ጋሽ ታምራት! እርስዎም?"

"ሆስፒታል አብራኝ የምትሠራ ህንዳዊት አለች። ቃሩ ሲገድለኝ አይታ አስተማረችኝ። ለጋሽ ደረጀ ትነግርና ወየውልህ!"

አጠገባቸው ተንበረከክኩ። "ታዲያ የዚያን ቀን..."

"እንዴት አላውቅ! ተረከዝህ ላይ ስትቀመጥ ገና በበሩ ሳይህ አወቅኩህ። ዝንጅብሏንም ስታወጣ ጠርጥሬያለሁ።"

"አውቀው ነው የሰጡኝ?"

ዓይናቸውን ገለጡ። ያ ሲስቅ የማይታይ ፊት ለስለስ አለ። "'በጸሎት' ብዬ ከአፌ ከወጣ በኋላ ልጄን አየኋት" አሉኝ። "ትሪዋን ይዛ ስትመለስ። በሕይወቷ አንድ ነገር ለምናኝ አታውቅም፣ ያን ቀንም አልለመነችኝም። ቃሌን መመለስ ፈልጌ መንገዱ ጠፋኝ። እኔን የመሰለ ደረቅ ሰው ያለ ሰበብ አይመለስም። መጥቼ ሳይ አንተ ሰበቤን ይዘህ ተንበርክከህ ትጠብቀኛለህ።"

እንባዬ መጣ፤ ያን ቀን ደግሞ ሚጥሚጣ አልበላሁም።

በሩ ተከፈተ። እትዬ አስቴር ናቸው። ጎን ለጎን ተንበርክከን፣ ዓይናችን እንባ አዝሎ ሲያዩን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"ጌታ ይባረክ! ኑ! ሁላችሁም ኑ፣ ጸሎት ተጀምሯል!"

ቤቱ ሁሉ ጎረፈ። ሶስናና ናሆም ከፊታችን ተንበረከኩ፤ ትዕግስት ሳቋን በነጠላዋ ይዛ መጣች፤ ጋሽ ደረጀ እየተንቋቁ ወረዱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ታምራት በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ።

"ቶሎ ጀምር" አሉ በሹክሹክታ። "እሳቸው ከጀመሩ እግራችን አለቀ።"

"ጌታ ሆይ" አልኩ፣ "በዚህ ቤት ስለ በላነው ሁሉ..."

"አሜን!" አሉ ጋሽ ታምራት፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብለው።